ከሦስት ማይል ወዲህ

ለውድ ወንድሜ ለፊንባር፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ በብርድ ጊዜ የሚነሳብህ የጉልበት ሕመም ለቀቀህ ወይስ አውስትራሊያ ድረስ ተከትሎህ ሄደ? ሜቪስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ኮርማክ ትከሻዬ ላይ ደርሷል ብለሃል፤ እኔ ግን አሁንም በፎቶግራፉ ላይ ባልዲ ውስጥ ተቀምጦ እንዳየሁት ነው የማስበው። ትንሿ ኡናስ ጥርሷን አብቅላ ጨረሰች? እናንተ ዘንድ ሙቀቱ እየገባ ነው መሰለኝ፤ እኛ ዘንድ ቅጠሉ ረግፎ ዝናቡ ይዞናል። እኔ ደህና ነኝ፣ ክብር ምስጋና ለአምላክ ይሁን። አክስት ዴልያም ደህና ናት፤ ባለፈው ወር ሰማንያ ሦስት ዓመት ሞላት፣ ጆሮዋ ቢደክምም ምላሷ አንድ ቀን እንኳ አላረፈም። ላሞቹም ደህና ናቸው። ከዚህ በላይ ደህና የሆነ ነገር ስለሌለ ወደ ነገሬ ልግባ።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ዕለት ደረሰኝ፤ በውስጡ የላክኸው፣ ምለህ የፈረምክበት ወረቀትም እንዲሁ። «የመስኩ እኩሌታ የእኔ ነው፤ ሕዝብ እንዲሄድበት ፈቅጄ አላውቅም» ይላል። ጠበቃው ቲየርኒ እንደሚለው ይህን አንድ ወረቀት ይግባኝ ሰሚው ዳኛ ፊት ባስቀምጥ በፍርድ የተወሰደብኝ የመሸታ ቤት ፈቃድ ይመለስልኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለእኔ ብለህ ሥራ ፈትተህ ከተማ ድረስ መሄድህን አውቃለሁ፣ አመሰግንሃለሁ። ግን አልጠቀምበትም። አትቆጣ አልልህም፤ ተቆጣ። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበህ ተቆጣ።

በሐምሌ የጻፍኩልህ አጭር ስለነበር ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ለሜቪስም ስታነብላት ግራ እንዳይገባት እንዲህ በላት፤ በእኛ አገር በሰንበት መሸታ ቤት ለአካባቢው ሰው ዝግ ነው፣ ለመንገደኛ ግን ክፍት ነው። መንገደኛ ማለት ሌሊቱን ካደረበት ቤት ቢያንስ ሦስት ማይል ተጉዞ የመጣ ሰው ነው። ስለዚህ የእኛው የኪልናሻ ሰው በኪልናሻ አይጠጣም፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የድሩምካም ሰው በድሩምካ። በሁለቱ መካከል፣ በአሮጌው መንገድ በድንጋዩ ድልድይ ዞሮ፣ ሦስት ማይል ተኩል ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል? ከቅዳሴ በኋላ የእኛ ወንዶች ወደ ድሩምካ፣ የድሩምካ ወንዶች ወደ እኛ ይጓዛሉ፤ መሃል መንገድ ላይ ሲገናኙ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ሰላም ተባብለው ይተላለፋሉ። ሜቪስ ትስቅ ይሆናል፤ ትሳቅ። አንተ ራስህ ስንት ሰንበት ተጉዘሃል! አያቶቻችንም እንዲህ ሲጓዙ ኖረው ነው የሞቱት።

ቤታችን የሚቆመው በዚያ ሰንበት እንደሆነ አትረሳውም። በሥራ ቀን የሚመጣው አንድ ሁለት ዓሣ አጥማጅ፣ አልፎ አልፎ በብስክሌት የሚዞር ተማሪ ነው። በሰንበት ግን ለሃያ ሰው የሚበቃ የአሳማ ሥጋ ከጥቅል ጎመን ጋር ከማለዳ ጀምሮ ሲንተከተክ ይውላል፣ ድንቹ ከነልጣጩ ይቀርባል፣ ዝናብ ከበረታ ደግሞ ላይኛው ቤት ያሉት ሁለት አልጋዎች አራት ሰው ያሳድራሉ፣ አንዱ በራስጌ ሌላው በግርጌ። አክስት ዴልያ በሩ አጠገብ ባለው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የገባውን ሁሉ «የት ነው ያደርከው? ስንት ማይል መጣህ?» ብላ ትጠይቃለች። ሕጉ ባለቤቱ ይጠይቅ ስለሚል ነው። የድሩምካውን ጃርላት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሰንበቱ ጠይቃዋለች። እሱም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮፍያውን አውልቆ «ድሩምካ ነው ያደርኩት እመቤቴ፣ ሦስት ማይል ተኩል፣ እግዜር ያሳይሽ፣ በጥም ልሞት ነው» ይላታል።

አሁን ጉዱን ስማ። የእግረኛውን ድልድይ የለመንነው እኛው ነን። የድሩምካ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ ወንዙን በድንጋይ ላይ እየዘለሉ እንደሚሻገሩ ታውቃለህ፤ ውኃው ሲሞላ ወይ ቤት ይቀራሉ ወይ ያን ሁሉ መንገድ ዞረው ጫማቸው ውኃ ጠጥቶ ይደርሳሉ። ሃያ ዓመት አመለከትን። አባ ኮልማን ጻፉ፣ አባታችን ፈረመ፣ ጃርላት ራሱ ሁለት ጊዜ እስከ አውራጃው ጽሕፈት ቤት በእግሩ ሄደ። በሚያዝያ ተሠራ! አንድ እግሩ በእነሱ በኩል፣ ሌላው በእኛ መስክ ላይ፤ ከዚያ መንገዱ መስካችንን አቋርጦ በቤታችን ጎን ወደ ጎዳናው ይወጣል። በተመረቀ ቀን ድግስ ሆነ፣ አክስት ዴልያ የሰንበት ባርኔጣዋን አድርጋ ሁለቴ ተሻገረችው። ማንም አላሰበም፣ ወንድሜ! ሦስት ማይልን ተኝቶ እንኳ መለካት የሚችል ሕዝብ፣ አንድም ሰው፣ አንድም! ሦስት ማይል ተኩሉ በአንድ ጀምበር ሁለት ማይል ተኩል ሆነ። መንገደኛውን በገዛ እጃችን ጎረቤት አደረግነው።

ያሰበው አዲሱ ሳጅን ነው። ሄሽን ይባላል፣ ከሌላ አውራጃ ተዛውሮ የመጣ፣ መጠጥ እርም ብሎ ደረቱ ላይ ምልክት የሰካ ሰው። በግንቦት አንድ ቀን የብስክሌቱ ጎማ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ፣ ጨርቁ ስንት ጊዜ እንደዞረ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ከድሩምካ እስከ ደጃችን ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ጃርላት አጥሩ ላይ ተደግፎ «ሳጅን፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለው። ሳጅኑ ሰዓቱን ነገረውና ቁጥሩ ጠፋበት። ተመለሰ። በሁለተኛው ዙር ጃርላት «ሳጅን፣ ወሩ በስንት ይገባል?» አለው። እንደገና ተመለሰ። በሦስተኛው ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ መጣ። ሰው አይደለም፣ በቅሎ ነው አልኩ በልቤ፤ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ትንሽ አከበርኩት።

በሰኔ ሁለተኛው ሰንበት ከቀትር በኋላ መጣ። አሥራ አራት የድሩምካ ሰዎች ሳህናቸው ፊታቸው ላይ፣ ጥቁሩ ቢራ በእጃቸው። ሳጅኑ በሩን ከፍቶ ሲገባ ሁሉም ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። አክስት ዴልያ ግን ቀና አለችና «የት ነው ያደርከው?» አለችው። «የት እንዳደርኩ ያውቃሉ እማማ፣ ፖሊስ ጣቢያ» አላት። «ግማሽ ማይል ነዋ! ውጣ፣ አንተ መንገደኛ አይደለህም» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም፤ እርሳሱን በምላሱ አርሶ የሁሉንም ስም ጻፈ፣ የእኔን በመጨረሻ። ማብሰያ ማንኪያዬን እንደያዝኩ «ጎመኑንም ጻፈው፣ እሱም ከጓሯችን ነው የመጣው፣ ሦስት ማይል አልተጓዘም» አልኩት።

ቲየርኒ እንደነገረኝ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በባለቤቴ በሉክ ጊዜ ሁለቴ ተፈርዶብን መዝገብ ላይ ተጽፎብናል፤ አንዱ በስቅለት ዕለት ስለሸጠ፣ ሌላው በእግር ኳሱ ዋንጫ ማታ ሰዓት ስላሳለፈ፣ ነፍሱን ይማር፣ ሁለቱንም ጊዜ ራሱ ነበር ብዙውን የጠጣው። ሦስተኛ ከተጻፈ ፈቃዱ ይሞታል። ከአያታችን ጀምሮ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ፈቃድ! ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የድሩምካ ወንዶች ተሰብስበው መላ መከሩ። መላቸውን ስማ፤ የድልድዩን ሳንቃ ቅዳሜ ማታ ነቅለን ሰኞ ጠዋት እንመልሳለን አሉ። አክስት ዴልያ «ሰኞ ጠዋት ከእናንተ ማን ነው ቀና ብሎ መሄድ የሚችለው?» ስትላቸው ኮፍያቸውን አድርገው ተበተኑ።

መሃል ላይ ደግሞ ይኼ መጣ። በነሐሴ የሳጅኑ እናት ልታየው ከአገሯ በአውቶቡስ መጣች። ጣቢያው ውስጥ ከእስረኛ አልጋ በቀር የለም። ሳጅኑ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ በኋላው በር መጣና «አንድ አልጋ ይኖርሻል ወይ?» አለኝ። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ እያዩ ናቸው፤ «መልሺው! ከእስረኛው ክፍል ይተኙ!» የሚለኝ በዛ። እኔ ደግሞ መንገደኛ መንገደኛ ነው፣ የማን እናት እንደሆነች አልጋው አይጠይቅም አልኩ። መስኮቱ ወደ ወንዙ የሚያየውን ክፍል ሰጠኋት፣ ሁለት እንቁላል ቀቀልኩላት፣ የሞቀ ጡብ በጨርቅ ጠቅልዬ እግሯ ሥር አደረግኩላት። ሳጅኑ ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስለዚያ መዝገብ... ምናልባት እንደገና ላየው እችላለሁ» አለ። ወገቤን ይዤ «መዝገብህን ይዘህ ፍርድ ቤት ና! እኔ አልጋ እንጂ ምሕረት አልገበያይም» አልኩት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እናቱ ግን እንዴት ያለች ሴት ናት! «ልጄን አትቀየሚው፣ በስምንት ዓመቱ ከጎረቤት ፖም ሰርቆ፣ ማንም ሳያየው፣ ራሱን ለቄሱ ያስያዘ ልጅ ነው» አለችኝ። ሦስት ሌሊት አደረች፤ ከአክስት ዴልያ ጋር ልብ ለልብ ተገናኝተው ስትሄድ ተላቀሱ።

ከፍርዱ በፊት በነበረው ሳምንት ቲየርኒ መጣ። «ደስ ይበልሽ፣ መውጫ አለ» አለኝ። አውራጃው ድልድዩን ሲሠራ ስለ መስካችን ምንም ወረቀት አላስፈረመም። መንገዱ የሕዝብ ካልሆነ፣ እኛ በደግነት ብቻ የምናሳልፍበት የግል መንገድ ከሆነ፣ የሳጅኑ ጎማ የቆጠረው ከንቱ ነው፤ ርቀቱ እንደ ድሮው ሦስት ማይል ተኩል ይሆናል። «ዳኛው አባትሽ መንገዱን ለሕዝብ ሰጥቷል ወይ ብሎ ይጠይቅሻል፤ አላውቅም በዪ። ዝም አይነቅዝም» አለኝ። ከዚያስ አልኩት። «ከዚያማ ነገሩ እንዲጸና መዝጊያ ትተክዪና ቁልፍ ታደርጊበታለሽ። ለልጆቹ ስትፈልጊ ትከፍቺላቸዋለሽ፣ ደግ ሴት ነሽ።» እኔ ስሞትስ? ከእኔ በኋላ ቤቱን የሚይዘው ሰው ደግ ባይሆንስ? ቲየርኒ ሰዓቱን አየ።

ፊንባር፣ አሁን አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። ያኔ ልጽፍልህ ይገባ ነበር፣ ኀዘን ላይ ኀዘን እንዳይሆንብህ ብዬ ተውኩት። እናታችን የሞተችው በትልቁ በረዶ ዓመት፣ አንተ ከሄድክ በስምንተኛው ወር ነው። በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሶ መንገዱ ሁሉ ተደፍኖ ነበር፤ የእኛ ሰፈር ወንዶች ገሚሱ በሳንባ ሕመም ተኝተዋል። ሬሳዋ አራት ቀን ቤት ውስጥ ዋለ። አባታችን ብቻውን በአካፋ ከደጁ እስከ አጥሩ ይጠርግና በረዶው መልሶ ይሸፍነው ነበር። በአምስተኛው ቀን አሥራ አንድ የድሩምካ ወንዶች በረጋው ወንዝ ላይ ተሻግረው፣ በረዶውን በደረታቸው እየሰነጠቁ በመስካችን መጡ። እስከ መቃብሩ ተሸከሟት። የሳጥኑ ቀኝ ፊት፣ የበኩር ልጅ ቦታ፣ ያንተ ቦታ ማለት ነው፣ ባዶ ነበር። ጃርላት ከሥሩ ገባና «ይኼ ለፊንባር ነው» አለ። እስከ መጨረሻው አልተቀየረም፤ ሌሎቹ እየተፈራረቁ እሱ ብቻ አልተቀየረም።

ከቀብር ሲመለሱ እሳቱን ከበው ቆሙ፣ ከልብሳቸው እንፋሎት ይወጣል። እኔ ሻይ እቀዳ ነበር። አባታችን ተነሣና እንዲህ አለ፤ «ወንዙ ላይ ድልድይ የተሠራ ቀን እግሩ በእኔ መስክ ያርፋል። ከዚያ እስከ ጎዳናው ያለው መንገድ የእናንተና የልጆቻችሁ ነው፤ ለዘላለም።» እንደ አገራችን ወግ መዳፉን በምራቁ አርሶ አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ጨበጣቸው። ሰባት ዓመት ቆይቶ ድልድዩን ሳያይ ሞተ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ወንድሜ። ወረቀት የለም፤ ቃሉ ግን አለ።

በፍርድ ቤቱ ዕለት ድሩምካ ባዶ ቀረ፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። መጀመሪያ ጃርላት ተጠራ። ዳኛው «የመስኩ ባለቤት መንገዱን ለሕዝብ ሰጥቶ ነበር?» አሉት። ጃርላት፣ እናቴን የተሸከመው ጃርላት፣ ኮፍያውን እያሸ «ክቡር ዳኛ፣ ያን ቀን ጆሮዬ በብርድ ደንዝዞ ነበር» አለ። ሳቅ ሆነ። ሌሎቹም አራት ሰዎች ተራ በተራ ጆሯቸው ደንዝዞ ተገኘ። ሴት ልጆቻቸው በየማለዳው የሚሄዱበትን መንገድ ለአንድ ብርጭቆ ቢራ ካዱት! ሳጅን ሄሽን ጣራውን ያያል። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ከዚያ ተጠራሁ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ደከም ያሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ያንኑ ጠየቁኝ። ቲየርኒ በዓይኑ «አላውቅም» ይለኛል። «ሰጥቷል» አልኩ። «እኔ ራሴ ሰምቻለሁ፣ የእኔ ጆሮ አልደነዘዘም። ለእነዚህ ለደነቆሩት ሰዎች ነው የሰጠው፣ ለልጆቻቸውም።» የቲየርኒ እርሳስ ሲወድቅ ሰማሁት። ዳኛው «እመቤት፣ የምትዪው ነገር ምን እንደሚያመጣብሽ ገብቶሻል?» አሉኝ። «ገብቶኛል፣ ክቡር ዳኛ። ፈቃዱን የሰጠን መንግሥት ነው፣ ይውሰደው። መንገዱን የሰጠው አባቴ ነው፤ እሱን የሚወስድ የለም» አልኳቸው።

ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ እያዘኑ ነው የፈረዱት፣ እሱን አልክድም። ሦስተኛው ተጻፈ። ይግባኝ ካልጠየቅኩ በዚህ ወር መጨረሻ የመጠጥ ፈቃዱ ያበቃል። ስወጣ ከድሩምካ ሰዎች አንዱ «ሰንበታችንን ገደልሽው» አለኝ። ጃርላት አጠገቤ አልፎ ሄደ፤ ሠላሳ ዓመት ሰላም ያላለኝ ቀን አልነበረም። ቤት ገብቼ ከበርሜሎቹ መካከል ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለጉራ ብዬ አልዋሽህም፤ አለቀስኩ። ሲበቃኝ ተነሥቼ ድንች ላጥኩ።

አክስት ዴልያ «ምግብና አልጋ ለመስጠት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ ቢራው ከመምጣቱ በፊትም መንገደኛ ይበላና ይተኛ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። የወሩን መጨረሻ ምን አስጠበቀኝ፣ ቧንቧዎቹን በዚያው ሳምንት ዘጋሁ። በሰንበቱ እንደ ወትሮው ለሃያ ሰው አበሰልኩ። የመጡት ሦስት ናቸው። ሦስት! ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ፣ የተረፈውን ጎመን ሳምንቱን ሙሉ በላን፣ አሳማዎቹም በሉ። ሁለተኛው ሰንበት ግን፣ ዝናብ እየዘነበ፣ በሩ ተከፈተና ጃርላት ገባ፤ ከኋላው ሚስቱ ኦነር። አስበው፣ በትዳር ሠላሳ ዓመታቸው ነው፣ እሷ አንድ ቀን እንኳ ደጃችንን ረግጣ አታውቅም። መሃል ቤቱ ላይ ቆማ አግዳሚውን አየች፣ ጭስ የጠጣውን ጣራ አየች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የዓሣ ሥዕል አየች። «ለዚህ ነው ሠላሳ ዓመት?» አለች። ጃርላት የሚገባበት ጠፋው። ቁጭ ብላ ሁለት ሳህን ሥጋ በጎመን በላች፤ ከዚያ «ምግቡስ ይሁን» አለች። ጃርላት ሲወጡ ከእኔ ፊት ቆመ፣ ኮፍያውን እያሸ። «ጆሮዬ ተሽሎታል» አለኝ። «ዘግይቷል» አልኩት። «አውቃለሁ» አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። እኔም ያን ያህል ጨካኝ አይደለሁም፣ ዳቦ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ባለፈው ሰንበት ዘጠኝ ሆኑ፣ አራቱ ሴቶች። ቤቱ በዚህ ይቆማል አልልህም፤ አላውቅም። ክረምቱን በደረቅ ሻይ እንዴት እንደምወጣው አምላክ ያውቃል። ቲየርኒ «እልኸኛ ነሽ፣ በእልህ ቤትሽን ታፈርሻለሽ፤ የወንድምሽ ወረቀት መጥቷል፣ ስጪኝ» እያለ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። አዎ፣ እልኸኛ ነኝ። አንተስ፣ ፍርድ ቤት ስለ አባታችን ያልኩትን ቲየርኒ ጽፎልህ ነው መሰለኝ፣ በጻፍክልኝ ላይ «ሙታን ቢራ አይገዙም፣ አስቢበት» አልከኝ። አሰብኩበት። ሙታን ቢራ አይገዙም፣ እውነት ነው። ግን እናታችን በማን ትከሻ ሄደች? ያንተ ትከሻ ያኔ ባሕር ማዶ ነበር፤ ይህን የምልህ ልወቅስህ አይደለም፣ አንተም እንደኛው በእንጀራ ምክንያት ነው የሄድከው። ቦታህን ሌላ ሰው ያዘልህ። አባታችን ለዚያ ነው መንገዱን የሰጠው። «ፈቅጄ አላውቅም» ብለህ ስትምል፣ ማንን እየካድክ እንደሆነ አታውቅም ነበር። አሁን አውቀሃል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ ያንተው ነው፣ መልሼልሃለሁ፤ ቀድጄ ልጥለው ነበር፣ የራስህን ቃል ራስህ ቅደደው ብዬ ነው። ሁለተኛው ቲየርኒ እያጉረመረመ የጻፈልኝ ነው፤ የመስኩን መንገድ ለሚሄድበት ሁሉ ለዘላለም ሰጥተናል ይላል። የእኔ ፊርማ ከታች አለ፣ ከጎኑ ያለው ባዶ ቦታ ያንተ ነው። ከፈረምክ ፈቃዱ ተመልሶ አይመጣም፤ ይህን አውቀህ ፈርም። አልፈርምም ካልክ ደግሞ እሺ፣ የመስኩ ግማሽ ያንተ ነው፣ መርከብ ተሳፈርና ና። መዝጊያውን በገዛ እጅህ ትከለው፤ እኔ መዶሻ አላቀብልህም። ሰኞ ጠዋት የጃርላት የልጅ ልጅ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ድልድዩን ተሻግራ ስትመጣ አጠገቡ ቁምና «ተመለሺ፣ ዞረሽ ሂጂ» በላት። ስሟ ማቭ ነው፣ ሰባት ዓመቷ ነው። ማን እንደሆንክ ስትጠይቅህ ስምህን ንገራት፤ አያቷ ስለ አንተ የነገራት ነገር አለ።

ለሜቪስ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ የላከችልኝ የሱፍ ክር ለአክስት ዴልያ የትከሻ ልብስ ሆኗል። ኮርማክን በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ፣ ትልቅ ሆኛለሁ ካለም በግንባሩ። ለትንሿ ኡና ከዚህ የሚላክ ነገር አጥቼ የላማችንን ጸጉር ልልክላት ብዬ ነበር፣ ተውኩት፤ ስትመጣ ላሟን ራሷ ታያታለች። አክስት ዴልያ «ይመገብ፣ ይጸልይ፣ ይፈርም» ብላሃለች፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። አባ ኮልማን በጸሎታቸው አልረሱህም። እኔም አልረሳሁህም፣ ወንድምዬ፤ ብቆጣህም እወድሃለሁ፣ ብወድህም አልለቅህም።

እህትህ ዴርቭላ

ኪልናሻ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1957